ያልተከፈተው ካሴት

ልብስ ሰፊውና ባለቤቱ የቆዩ ፊልሞችን ይሰበስቡ ነበር፤ ያውም መጀመሪያ በቪዲዮ ካሴት የወጡትን ብቻ። እሷ ነፍሷ እስኪወጣ የምትወደው አንድ ፊልም ነበር፤ መጨረሻውን ግን አንድም ቀን አላየችውም። በፊልሙ ውስጥ ያለችው ሙሽራ ታማ አልጋ ስትይዝ ብድግ ብላ የካሴት ማጫወቻውን ዴክ ታጠፋና፣ «ይብቃ፤ ዛሬ እንኳ ትደር» ትላለች።

«አንቺ ስላላየሽ መሞቷ ይቀራል እንዴ?» እያለ ይስቅባት ነበር። እሷ ራሷ አልጋ ከያዘች ወዲህ ግን ያቺን ቀልድ ዳግም አላነሳትም።

ከሞተች በኋላ ያንን ፊልም ከነእሽጉ ፍለጋ ያልረገጠው ሱቅ የለም። ዘንድሮ አገኘው።

«በል ክፈተው አባዬ፤ እስከ መጨረሻው አብሬህ አያለሁ» አለችው ልጁ።

የፋብሪካውን ላስቲክ በመቀሱ ቀደደ። ካሴቱን አውጥቶ ሲያየው እጁ ቀጥ አለ። ያልታየ ካሴት ክሩ በሙሉ በግራ በኩል ይጠቀለላል፤ የዚህኛው አብዛኛው ክር ወደ ቀኝ አልፏል።

«ፋብሪካው ተሳስቶ ይሆናላ» አለች ልጁ።

ካሴቱን ዴኩ ውስጥ ከተተው፤ ሄዶም ሶፋው ላይ አጠገቧ ተቀመጠ። ፊልሙ ወደ መጨረሻው ገደማ ጀመረ፤ ሙሽራይቱ አልጋ ላይ ነበረች። ዓይኗን ልትከድን ስትል፣ ወዲያ ማዶ የዴኩ ማቆሚያ ቁልፍ ጣት እንደተጫነው ሁሉ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ስክሪኑ ጠቆረ።

ልጁ ልታስቀጥለው ብድግ ስትል እጇን ያዛት።

«ተዪ ልጄ» አላት፤ «ዛሬ እንኳ ትደር።»