የሟቿ እናት

በስክሪኑ ላይ ሟቿ ከመቃብሯ ወጥታ ፊቷን ወደ ተመልካቹ ስታዞር አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። ከፊት የተቀመጠው ግዙፍ ሰውዬ ጃኬቱን ተከናነበ። ከኋላ ያሉት ኮረዶች እየጮኹ ይስቁ ነበር። አንድ አባት ልጁን አቅፎ እየተደናቀፈ ወደ በሩ ሮጠ። መሃል ላይ የተቀመጠችው ልብስ ሰፊ ግን ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም። ፍርሃቱስ ለእሷም አልቀረላትም። ቢሆንም ያ የሚያስበረግግ ፊት የሴት ልጇ ፊት ነበር።

ከጎኗ የተቀመጠች የማታውቃት ሴት ክንዷን ጨምድዳ ያዘቻት። “ኧረ በፈጠረሽ፣ እንዴት አስቻለሽ? እኔ ነፍሴ ልትወጣ ነው! ቆይ፣ ይቺን ጉድ ማን ወለዳት?”

ልብስ ሰፊዋ ክንዷን ቢያማትም አላስለቀቀቻትም። እስከ ሦስተኛው ረድፍ በሚሰማ ድምፅ፣ “እኔ!” አለች። “ዘጠኝ ወር ተሸክሜ የወለድኳት እኔ ነኝ። ገና የመጀመሪያ ፊልሟ ነው!”

ሴትዮዋ ልብስ ሰፊዋን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ከዚያ ክንዷን ቀስ ብላ ለቀቀችና ቦርሳዋን ይዛ አንድ ወንበር ፈቀቅ አለች። ልብስ ሰፊዋ ይሄን ስታይ፣ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ቁመቷ የጨመረ መሰላት።