ባዶዋ ጠርሙስ "ንጹሕ" ተባለች

"ይህን ወረቀትህን ለልጆቼ አንብብላቸው!"

ከመንደሩ በታች ወንዙ ዳር የምትኖረው ልብስ አጣቢ ነበረች፤ በመንደሩ ስብሰባ መሃል ቆማ የጮኸችው።

ሁለት ልጆቿ በተቅማጥ አልጋ ከያዙ ሳምንት ሆኗቸዋል... ወንዙ ከሸተተ ደግሞ ወር አልፎታል።

የመንደሩ ፍሳሽ ማጣሪያ ጠባቂ በምርኩዝ ተደግፎ ተነሳ። ሰኞ ጠዋት እግሩን ወለም ብሎታል።

ሰው በቀልድ "የሽታው ሚኒስትር" ይለዋል። ያን ቀን ግን የቀለደ የለም።

"እህቴ፣ ላቦራቶሪው ውሃው ንጹሕ ነው ብሏል። ማኅተሙን እዪው።"

"የእኔ አፍንጫ ማኅተም የለውም ብለህ ነው?"

የመንደሩ ሊቀመንበር ክርክሩን አቋረጡ። "ጥፋቱ እስከ ቅዳሜ ካልታወቀ የማጣሪያውን ቁልፍ ታስረክባለህ።"

አጠገቡ የተቀመጠው ታናሽ ወንድሙ ትከሻውን ያዝ አደረገው።

"አይዞህ ጋሼ... ወረቀቱ አለልህ።"

አሠራሩ ይህ ነው። ከየቤቱ የሚወጣው ፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ ይዘቅጣል፣ በተተከለው ሸምበቆ መሃል ይጣራል፣ ከዚያ ወንዝ ይገባል።

ጠባቂው ሰኞ ሰኞ ከመውጫው ቱቦ አንድ ጠርሙስ ሞልቶ የግቢው በር ላይ ያንጠለጥላል።

ጋራዥ ያለው ታናሽ ወንድሙ ወደ ከተማ ሲሄድ ጠርሙሷን ለላቦራቶሪው ያደርሳል። አርብ ውጤቱን ያመጣል፣ ባዶዋን ጠርሙስ በሩ ላይ መልሶ ይሰቅላል።

ሁለት ዓመት ሙሉ... "ንጹሕ"።

ሸምበቆው ሲደርቅ ጠባቂው አይቷል። ግን ከገዛ ዓይኑ ይልቅ ወረቀቱን አመነ። ያመጣው ወንድሙ ነዋ!

አርብ ወንድሙ እየሳቀ ገባ።

"ጋሼ፣ ዛሬም ንጹሕ!"

ጠባቂው ወረቀቱን አነበበ... ደግሞ አነበበ።

"ናሙናው የተወሰደው ሰኞ ነው ይላል።"

"አዎ፣ እንደ ሁልጊዜው።"

"ሰኞ እኮ አልጋ ላይ ነበርኩ። ጠርሙሷን አልሞላኋትም... ባዶዋን ነው የወሰድካት።"

ጠባቂው ወረቀቱን ወንድሙ ፊት ዘረጋ።

"ከየት ሞላሃት?"

"ከቤቴ ቧንቧ። ዓመት ሙሉ የአንተን እየደፋሁ በእሱ ስሞላት ኖሬያለሁ።" ወንድሙ አንገቱን ደፋ። "ለአንተ ብዬ ነው ጋሼ! እውነተኛው ውሃ ቢመረመር ከሥራ ያባርሩሃል።"

"ውሃው መበላሸቱን ከእኔ በፊት በምን አወቅህ?"

ጠባቂው የወንድሙን እጆች አየ። እስከ ክንዱ ድረስ ጥቁር ናቸው።

የጋራዡ የተቃጠለ ዘይት... ዓመት ሙሉ በፍሳሽ ቱቦው ሲደፋ ኖሯል። ሸምበቆውን የገደለው እሱ ነው። ቆሻሻው ሳይጣራ ወንዝ የገባው በዚሁ ነው።

"ሰው ፊት ስዋረድ አጠገቤ ነበርክ..." አለ ጠባቂው። "አይዞህ አልከኝ።"

ቅዳሜ ስብሰባው ላይ ባዶዋን ጠርሙስና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ያጠፋው የእናቴ ልጅ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ያመንኩት ደግሞ እኔ ነኝ።"

ልብስ አጣቢዋ ቁልፉን አንስታ መልሳ እጁ ላይ አኖረችለት።

ዛሬ አዲስ ሸምበቆ ተተክሏል። ጠርሙሷን ከተማ የሚያደርሳት ጠባቂው ራሱ ነው።

ወንድሙ ግን አያናግረውም። ላገኘው ሁሉ የሚያወራው አንድ ነገር ነው...

"የገዛ ወንድሜ ከዳኝ!"

የምንወደው ሰው ያመጣልንን ነገር መመርመር ፍቅር ማጣት አይደለም። ሳንመረምር የተቀበልነው ውሸት ግን እኛ ዘንድ አይቀርም... ወርዶ የሌላ ሰው ልጅ ይጠጣዋል።

እናንተስ? በጠባቂው ቦታ ብትሆኑ ወንድማችሁን ሰው ፊት ታጋልጡ ነበር... ወይስ ቁልፉን አስረክባችሁ ዝም ትሉ ነበር? የልባችሁን ጻፉልኝ።