የተረፈችው ቃል

«ይኸው ኦኬ አሉ እኮ!» አለ ገዢው፤ እጁንም ጠረጴዛው ላይ ወዳለው የጋራዡ ቁልፍ ሰደደ።

«ቆይ እስቲ» አለች ልጅቷ።

«ምን የሚያስቆይ ነገር አለ?» አለ ታላቅ ወንድሟ። «አባዬን ጠየቅነው፣ መለሰ። ተሽጦ ይታከምበት። ወይስ ብቻሽን ጋራዥ ልታንቀሳቅሺ ነው?»

አልጋው ላይ የተኛው አባታቸው መካኒክ ነበር። ሕመሙ ግማሽ ጎኑን ሲይዘው ንግግሩንም ጠራርጎ ወሰደበት፤ የተረፈችው ኦኬ ብቻ ናት። ሲርበው ኦኬ፣ ሲጠግብ ኦኬ፣ ትራሱ ሲቆረቁረው ኦኬ። ጠያቂ ሲበዛበትም «በቃ ውጡልኝ» የሚለው በዚያችው ነው። ጎረቤት «አባታችሁ እንዴት ነው?» ሲል ወንድሟ «ኦኬ ነው» ይላል፤ ዋሽቷልም አይባል።

እሷ ግን ያቺን ቃል የምታውቃት ከሕመሙ በፊት ነው። እሱ መኪና ሥር ተንጋሎ፣ እሷ መሪው ጋ ተቀምጣ ስንት ዓመት አብረው ሠርተዋል። ፊቱ አይታያትም፤ የሚደርሳት ድምፁ ብቻ ነበር። አንድ ረዥም ኦኬ ካለ ሞተሩን ታስነሳለች። ሁለት አጫጭር ካለ ግን እጁ ሞተሩ ውስጥ ነውና በቅጽበት ታጠፋለች። ያኔ ማሰብ ብሎ ነገር የለም።

አሁን የትኛውን እንዳለ አልሰማችም። ሁለቱ ወንዶች አፍ ለአፍ ገጥመው ሲያወሩ ድምፁ በመሃል አመለጣት። ፊቱን ብታይ ደግሞ ራሷን አታምነውም፤ ጋራዡን እንደ ዓይኗ ብሌን ስለምትወደው፣ ከዓይኑ የምታነበው የራሷን ምኞት እንዳይሆን ፈራች።

ስለዚህ ጀርባዋን ለአልጋው ሰጥታ ግድግዳውን አየች።

«አባዬ፣ አንዴ ድገምልኝ። ጋራዡን እንሽጠው?»

«አበድሽ እንዴ? ከግድግዳ ጋር ነው የምታወሪው?» ብሎ ወንድሟ ሳቀ።

ከኋላዋ የአልጋው ብረት ሲጥ አለ፤ አባቷ እንደምንም ሊቃና እየታገለ ነው።

«ኦኬ! ኦኬ!»

«ይኸው ደገሙት!» አለ ገዢው ደስ ብሎት።

ልጅቷ ቀኝ እጇን ቁልቁል አየችው። በባዶው አየር ላይ ቁልፍ አዙሮ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ቆሟል።