ከጠዋት ጀምሮ የምታውቀው

«በይ አስጀምሪው» አለች ሥራ አስኪያጇ ሩሃማ። ኢክላስ ግን ጣቷን የኮምፒውተሩ ቁልፍ ላይ አሳርፋ ገና አልተጫነችውም። ከኋላዋ መላው መሥሪያ ቤት ተሰብስቧል። ድፎ ዳቦው ተቆርጧል፣ ለስላሳው ተከፍቷል። ኦቦ ቀጄላ ዛሬ ጡረታ ይወጣሉ፤ ከስንብቱ በፊት ሥራቸው ለመጨረሻ ጊዜ በሁሉም ፊት ይፈተሻል።

ሰበታ ያለው ይህ ትንሽ ድርጅት የሚሠራው ኮምፓይለር ነው፤ ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ማሽን ወደሚገባው ቋንቋ የሚለውጥ። ኦቦ ቀጄላ የጻፉት ክፍል ደግሞ ስህተት ለሚፈልግ ባለሙያ መንገድ የሚያሳይ መረጃ አብሮ ያስቀምጣል፤ ማሽኑ የትኛው መስመር ላይ እንደደረሰ፣ የትኛው ቁጥር የት እንደተቀመጠ። መረጃው እውነት መናገሩን የምትፈትሸው ኢክላስ ናት። ፕሮግራሙን በየመስመሩ እያስቆመች «ይህ ቁጥር አሁን ስንት ነው?» ብላ ትጠይቃለች፣ መልሱን ከእውነተኛው ጋር ታስተያያለች፤ ቴስት የሚሉት ይህ ፍተሻ ልክ ሲሆን አረንጓዴ፣ ሲሳሳት ቀይ መስመር ያወጣል።

ባለፈው ወር አንድ ቦታ ላይ የተሳሳተ መልስ እንዳገኘች በስብሰባ ላይ ስትናገር፣ ኦቦ ቀጄላ ሳቁና «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ መጀመሪያ የራስሽን ቴስት ፈትሺ» አሏት። ሁሉም ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ነገሩ ግን ውስጧ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ያንን ቦታ አልለቀቀችውም። ዛሬ ማለዳ፣ ገና ከቤት ሳትወጣ፣ ትክክል መሆኗን አረጋገጠች። ለማንም አልተናገረችም።

ቁልፉን ተጫነችው።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ስክሪን በአረንጓዴ መስመሮች ይሞላ ጀመር። ሰዉ ፈገግ አለ። ከዚያ አንዲት ቀይ መስመር ወጣች። ማሽኑ ውስጥ ያለው ቁጥር ስምንት ነው፤ መረጃው ግን ሰባት ይላል።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ሩሃማ።

ኦቦ ቀጄላ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ።

«ኮምፓይለሩ ቁጥሩን ወደ ሌላ ቦታ አዛውሮታል» አሉ ቀስ ብለው። «የእኔ መረጃ አሁንም የድሮውን ቦታ ነው የሚያሳየው።» ወደ እሷ ዞሩ። «ትክክል ነበርሽ።»

ኢክላስ ይህን ቃል ስትናፍቅ ነው የከረመችው። ሲመጣ ግን ደስታው አብሮት አልመጣም።

«መቼ አገኘሽው?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«ከመምጣታችን በፊት?»

«አዎ።»

ጠዋት ከዓለምገና በመኪናቸው ያመጧት ኦቦ ቀጄላ ነበሩ። ሱሉልታ ባለችው የአባታቸው መሬት ላይ ስለሚያረቡት ንብ መንገዱን ሙሉ ሲያወሩላት፣ እሷ በመስኮት የጭነት መኪኖቹን እያየች «ጥሩ ነው» ስትል ነበር። አንድ ቃል ብትተነፍስ ኖሮ ነገሩ እዚያው መኪና ውስጥ ያልቅ ነበር።

«ይቅርታ ኦቦ፣ ልነግርዎ ይገባኝ...»

«ተይው። ወንበርሽን ስጪኝ።»

ተቀምጠው ስህተቱን ማረም ጀመሩ። ሩሃማ ያዘጋጀችውን ንግግር አሳጠረችው። ሰዉ ዳቦውን በሶፍት እየጠቀለለ ተራ በተራ ሊሰናበታቸው ቀረበ፤ እሳቸውም ዓይናቸውን ከሥራው ሳይነቅሉ አንድ እጃቸውን ይዘረጉ ነበር። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ፊደሉ ሲያንስባቸው ኢክላስ አጠገባቸው ቆማ መስመሮቹን ታነብላቸዋለች።

አመሻሽ ላይ ቴስቱን እንደገና አስኬዱት። ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ሆነ። ኦቦ ቀጄላ የሚያሳዩት ሰው እንዳለ ሁሉ ወደ ኋላ ዞር አሉ። ክፍሉ ባዶ ነበር።

ኢክላስ ልታጨበጭብላቸው እጆቿን አነሳች። በባዶ ክፍል የአንድ ሰው ጭብጨባ ፌዝ እንዳይመስልባት ፈራች፤ መዳፎቿ ሊነካኩ ጥቂት ሲቀራቸው እዚያው አየር ላይ ቀሩ።