የሾፌሩ ወንበር

መካኒኩ፣ ሚስቱ «መንዳት አስተምረኝ» ባለችው ቁጥር «እግርሽ መች ፍሬን ይደርስና» እያለ ሠላሳ ዓመት ሳቀባት። እሷ ከሞተች በኋላ፣ አብረው ተራራ ሊወጡበት የነበረውን አሮጌ ፎርዊል ፒክአፕ ማደሱን ተያያዘው። ለማን እንደሚያድሰው እሱም አያውቅም። ባሌስትራውን ቀየረ፣ ሰፋፊ የጭቃ ጎማ ገጠመለት። ያስቸገረው ወንበሩ ነው፤ ማታ ወደ ኋላ ገፍቶት ይሄድና ጠዋት መሪው ሥር ተስቦ ያገኘዋል።

ሴት ልጁን ጠረጠራት።

«ቁልፉ አንተ ኪስ አይደል እንዴ፣ አባዬ?» አለችው።

ወንበሩን ከወለሉ ጋር በየደው። በማግስቱ ንቅንቅ አላለም። እፎይ ብሎ ገባና እግሩን ዘረጋ። ፍሬኑ ላይ ወፍራም ጣውላ በነጭ ሻሽ ታስሯል።

ልጁ ሻሹን ስታይ በሩ ላይ ቀረች።

«አባዬ፣ እማዬን ሲገንዟት ጭንቅላቷ ላይ ያሰርኩት እኮ ነው።»