ዕርቅ የማያልቅበት ሰፈር

"ደግሞ ዛሬ ማን ከማን ተጣላ?!"

አያ ካሊድ ግራ ገባቸው...

ቆቦ ውስጥ ሲያስታርቁ ያረጁ ሰው ናቸው። የደም ነገር ሳይቀር አብርደዋል። እንዲህ ያለ የጠብ ዘመን ግን አይተው አያውቁም!

ጎረቤታቸው ካሳ ደጃፋቸው ላይ ቆሞ በንዴት ይወራጫል።

"ባለሱቁ አላምረው ነው አያ ካሊድ! ትናንት ታረቅን፣ ዛሬ ደግሞ ሱቁ ብሄድ በሬዲዮው ጩኸት አደነቆረኝ!"

"ታዲያ ይዘኸው አትመጣም?"

"ከሱቄ አልነቃነቅም ብሏል። እርስዎ ካልደረሱልን አንድ ነገር ይፈጠራል!"

እያጉረመረሙ ተነሡ...

አያ ካሊድ አምና ወድቀው ጭናቸው ተሰብሮ ነበር። ወልዲያ ታከሙ፤ ፊዚዮቴራፒውንም ጨረሱ።

ባለሙያዋ ስትሸኛቸው "የእኔ ሥራ እዚህ ላይ አበቃ። ከእንግዲህ በየቀኑ ካልተራመዱ ግን እግርዎ ተመልሶ ይተሳሰራል" አለቻቸው።

እሳቸው ግን ቤት ገብተው መደብ ላይ ተቀመጡ... በዚያው ቀሩ።

ልጃቸው ፈሪሀ "አባባ፣ እስከ አስፋልቱ እንኳ ደርሰን እንመለስ" ብላ ብትለምን...

"የት ልሄድ? ማን ይፈልገኛል?"

ተቆጣች፣ አለቀሰች... ወይ ፍንክች! ውሎ አድሮ እሷ ሳትደግፋቸው መቆም አቃታቸው።

ጠቡ የጀመረው ያኔ ነው!

ካሳና አላምረው በአጥር ተጣሉ። ታረቁ። በፍየል ተጣሉ። ታረቁ። በዛፍ ጥላ ተጣሉ!

የሚገርመው ደግሞ ቦታው ነው... መጀመሪያ የአያ ካሊድ ደጃፍ፣ ቀጥሎ መስጊዱ ጋ፣ ከዚያ ከባጃጅ ተራው ማዶ፣ አሁን ደግሞ ገበያው ዳር፣ የአላምረው ሱቅ።

"ያ አላህ! ይህን ሰፈር ምን ነካው?"

ሲያስቡት ሲያስቡት አንድ ጥርጣሬ ልባቸው ገባ... ያስታረቅኩት ሁሉ የሚፈርሰው በረካዬ፣ አላህ የሰጠኝ በረከት፣ ተነሥቶ ይሆን እንዴ?

የሬዲዮውን ጠብ አብርደው በተመለሱ ማግስት ማንም ሳይጠራቸው፣ ማንም ሳይደግፋቸው ብቻቸውን ወጡ። ሁለቱን ቁጭ አድርገው ሊመክሯቸው።

ሱቁ ጋ ሲደርሱ ከጓሮ ሳቅ ሰሙ...

ካሳና አላምረው አንድ ሀብሀብ ገምሰው ይበላሉ! ፈሪሀም አብራቸው ተቀምጣለች።

"ነገ ደግሞ በምን እንጣላ?" ይላል አላምረው። "እኔ እንደሆነ የጠብ ሐሳብ አልቆብኛል!"

አያ ካሊድ ወደ ጓሮው ዘለቁ...

ፈሪሀ ስታያቸው ብድግ አለች።

"አባባ... እኔ ነኝ የለመንኳቸው። ተራመዱ ስልዎ እምቢ አሉ። አስታርቁን ሲባሉ ግን..."

"እኔ እኮ በረካዬ ተነሣ ብዬ..." አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ፈሪሀ እግራቸው ላይ ወደቀች። እሳቸውን ከመደቡ ማንሣቱን እንጂ እንዲህ ይጨነቃሉ ብላ ጨርሶ አላሰበችም ነበር።

ይቆጡ ወይስ ይሳቁ... ጠፋቸው። ልጃቸውን አዩ። ገበያውን አዩ። ከቤት እስከዚህ ብቻቸውን የመጡበትን መንገድ ዞረው አዩ።

በመጨረሻ "ተነሽ ልጄ" አሏት። "ሁለተኛ ግን እንዳትዋሹኝ። ከፈለጋችሁኝ እውነቱን ነግራችሁ ጥሩኝ።"

ከዚያ ወደ ካሳና አላምረው ዞሩና...

"ደግሞ ወላሂ፣ የምር ከተጣላችሁ ራቅ ብላችሁ ተጣሉ! ይቺ መንገድ አጥራብኛለች!"

ወዳጆቼ...

ሕክምናው ሲያልቅ ሥራው ወደ እኛ ወደ ቤተሰቦቹ ይዞራል። "ተንቀሳቀስ" የሚል ትእዛዝ ብቻውን ሽማግሌ ከመደብ አያነሣም። የሚጠብቀው ሰው እንዳለ ሲያውቅ ግን ይነሣል!

እስቲ ፍረዱ... ፈሪሀ አባቷን መዋሸቷ ልክ ነበር? እናንተ ብትሆኑስ ምን መላ ትዘይዱ ነበር?

ሐሳባችሁን ከታች ጻፉልኝ... እኔ ራሴ እስካሁን መፍረድ አቅቶኛል!