ጥላ ያላረፈባት

«ጥላሽ እንዳያርፍባት» አሏት አባቷ፣ ከቁርቁራው ሥር ተቀምጠው። «መድኃኒት ጥላ ካረፈበት አይሠራም። ፊትሽን ወደ ፀሐይ አዙረሽ፣ ቢስሚላህ ብለሽ ቁረጪ።» ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ እሷ ትቆርጣለች፤ እሳቸው አሽትተው የእያንዳንዱን ቅጠል ስምና ፈውስ ይነግሯታል። ከቆቦ እስከ ዋጃ በሽተኛ ሁሉ የሚመጣው እሳቸው ዘንድ ነበርና እውቀቱ አብሯቸው እንዳይቀበር ይቸኩላሉ።

ዙሪያዋን ቃኘች። አባቷ ጊዜዋ የሚባለው ቁጥቋጦ ሞልቶበታል ባሏት ቦታ፣ እስከ መኪናው መንገድ ድረስ ያለው ቅንጭ አረም ብቻ ነው፤ ያ ከብት እንኳ የማይቀምሰው፣ ማሳውን ሁሉ የወረሰባቸው አረም። «አባ፣ የለም» ማለት አቃታት። ሲያሸቱት ራሳቸው ይወቁት ብላ፣ ፊቷን ወደ ፀሐይ አዙራ ከአረሙ ቀነጠሰችና መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው። እስኪጥሉት፣ እስኪረግሙት ጠበቀች።

አባቷ ቅጠሉን በጣቶቻቸው አሸት አሸት አደረጉት፤ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፤ ጫፉን ነክሰው አላመጡት። ፊታቸው በራ።

«አልሐምዱሊላህ፣ አልጠፋችም! ጊዜዋ ማለት ይቺ ናት። ሽታዋን ያዢ ልጄ፣ እኔ ነገ የለሁም።» ከዚያ እንደ መስጋት ብለው «ጥላሽ አላረፈባትም አይደል?» አሉ።

«አላረፈባትም፣ አባ።»

አጠገባቸው ቁጭ አለች። ትናንት እንዲሁ አሽትተው «ይቺ ናት» ያሏትን ሥር ጠዋት ቀቅላ፣ ትኩሳት የጣላትን ሕፃን ልጇን አጠጥታ ነበር የመጣችው።